ወራሪ ክሬይፊሽ በደሴት ውሃዎች፦ ማጥፋት፣ ማገት፣ መቀነስ ወይስ የቀረውን ማዳን?

በአንድ ደሴት ኩሬ ወይም ጅረት ውስጥ ባዕድ ክሬይፊሽ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ ውሃውን የሚያስተዳድረው አካል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው ወጥመድ መግዛትን ነው። ወጥመድ ርካሽ ነው፤ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ በማግስቱም ባልዲ ሙሉ የተያዘ እንስሳ ለማሳየት ያስችላል። ይህ መመሪያ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። ከሎብስተር ጋር የሚዛመደው፣ ሁለት መቆንጠጫዎች ያሉትና ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ይህ ቅርፊታም እንስሳ አንዴ ከተደላደለ በኋላ ከውሃ ማስወጣት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመረጠው መንገድ የቀጣዮቹን አሥርት ዓመታት ወጪና ውጤት ይወስናል።

አማራጮቹ በአራት ይጠቃለላሉ። አንደኛው እንስሳውን ከዚያ ውሃ ጨርሶ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ባለበት ማገት፣ ማለትም ወደ ላይኛው ጅረትና ወደ ሌሎች ተፋሰሶች እንዳይሻገር መከልከል ነው። ሦስተኛው ቁጥሩን እየቀነሱ አብሮ መኖር ነው። አራተኛው ደግሞ ውሃው እንደተሸነፈ ተቀብሎ፣ አገር በቀል ዝርያዎቹን ወደ ሌላ አስተማማኝ ቦታ ማዛወር ነው። በጸሐፊው እምነት ከአራቱ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በሦስተኛው ላይ ሲሆን፣ ተገቢውን ትኩረት የማያገኘው ሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጣው የትኛው ነው?

ንጽጽሩ ከመጀመሩ በፊት የዝርያው ማንነት መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ለሌላው ከንቱ ሊሆን ይችላል። በደሴቶች ላይ በብዛት ችግር የፈጠሩት ሦስት የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ናቸው።

ቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችና ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ ነው። በ1923 ወደ ሃዋይ ገብቶ የጎደሬ ማሳዎችን ዳርቻ እየቦረቦረ ውሃ የሚያፈስ ተባይ ሆነ። ወደ ጃፓን የገባው በ1927 ሲሆን፣ የመጣውም ቡልፍሮግ ለተባለው ትልቅ እንቁራሪት ምግብ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ ሜዳማ ኩሬዎችና የሩዝ ማሳዎች ውስጥ የተለመደ ነው። በማልታ በ2016 ተገኝቷል። ለዚህ ዝርያ ዋናው መታወቂያ ጉድጓድ ቆፋሪነቱ ነው። ኩሬው ሲደርቅ እርጥብ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆያል፤ ኦክስጅን ያነሰውን ውሃ ይችላል፤ በዝናብ ሌሊት በየብስ ተጉዞ ሌላ ውሃ ይደርሳል።

ሲግናል ክሬይፊሽ የሚባለው ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። ብሪታንያ በ1976 ለእርባታ ያስገባችው ሲሆን፣ ከእርባታ ኩሬዎች አምልጦ በእንግሊዝ ወንዞች ውስጥ በሰፊው ተሠራጭቷል። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ ደግሞ በ1930 በማሹ ሐይቅ ከተለቀቀ በኋላ የደሴቱን አገር በቀል ክሬይፊሽ ከብዙ ቦታ አፈናቅሏል።

ሦስተኛው፣ ማርብልድ ክሬይፊሽ፣ ከሁሉም የተለየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የአኳሪየም (በቤት ውስጥ የዓሣ ማቆያ የመስታወት ገንዳ) ንግድ ውስጥ የታወቀ ሲሆን፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ ልጆቹም የእናታቸው ቅጂ ናቸው። ማዳጋስካር ውስጥ በ2007 አካባቢ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሥርጭቱ በ10 ዓመት ውስጥ ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። አንዲት እናት ብቻ ለአዲስ ወረራ በቂ ስለሆነች፣ «ጥቂት ብቻ ቀርተዋል» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዝርያ ምንም አያጽናናም። ወንድ ስለሌለውም ወንዶችን በማምከን ወይም በሴት ሽታ በማታለል ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎች ገና ከጅምሩ ከምርጫው ይወጣሉ።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። የሰሜን አሜሪካ ክሬይፊሾች አፋኖማይሴስ አስታቺ በተባለ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣውን፣ በተለምዶ የክሬይፊሽ ወረርሽኝ የሚባለውን በሽታ ሳይሞቱበት ሊሸከሙት ይችላሉ። ለአውሮፓና ለጃፓን አገር በቀል ክሬይፊሾች ግን በሽታው ገዳይ ነው። ስለዚህ ደሴቲቱ የራሷ ክሬይፊሽ ካላት ጉዳቱ በመቆንጠጫ ጠብና በምግብ ሽሚያ ብቻ አያበቃም።

ደሴት መሆን የሚለውጠው ነገር

ስለ ደሴቶች ሲጻፍ ድክመታቸው ይበዛል፤ እውነትም ነው። ከዋናው ምድር ርቀው በባሕር የተከበቡ ብዙ ደሴቶች የራሳቸው ክሬይፊሽ ኖሯቸው አያውቅም፤ ስለዚህ የውሃ ውስጥ ተክሎቻቸው፣ ቀንድ አውጣዎቻቸው፣ የእንቁራሪት እጮቻቸውና ነፍሳቶቻቸው ይህን ዓይነት ሁሉን በል እንስሳ አያውቁትም። ክሬይፊሹ ተክሉን ቆርጦ ይጥላል፤ ጭቃውን ይበጠብጣል፤ ጥርት ያለው ኩሬ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደፍርሶ ይቀራል። በማልታ ዓይነት ደረቅ ደሴት፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለያቸው ጅረቶች በጣት የሚቆጠሩ በሆኑበት፣ አንድ ሸለቆ መወረሩ ከደሴቲቱ የጨው አልባ ውሃ ሀብት ትልቅ ድርሻ መወረሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ደሴት ለተከላካዩ የሚሰጠው ጥቅምም አለ፤ ይህም በዕቅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የደሴት ወንዞች አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በመካከላቸውም ተራራና ጨው ውሃ አለ። እርግጥ ነው አንዳንድ ክሬይፊሾች መጠነኛ ጨውነትን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማሉ፤ ሆኖም ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላው የሚያሻግራቸው ከሁሉ በላይ ሰው ነው፤ ለምግብ፣ ለዓሣ ማጥመጃ ማማለያነት ወይም አኳሪየም ሰልችቶት። በትልቅ አህጉራዊ ወንዝ ላይ ወረራውን ማቆም ከውሃው ጋር መታገል ሲሆን፣ በደሴት ላይ ግን በዋናነት የሰዎችን እንቅስቃሴ የመቆጣጠር ጉዳይ ነው።

አየርላንድ ለዚህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። የአሜሪካ ክሬይፊሽ በወንዞቿ ሰፍሮ ባልታየበት ሁኔታ፣ በ2015 በካቫን አውራጃ ወረርሽኙ ተከሰተ፤ ከ2017 ጀምሮም በሌሎች ወንዞች ላይ ታየ። እንስሳው ሳይመጣ በሽታው መጣ ማለት ነው። የበሽታው ዘር በእርጥብ ጫማ፣ በመረብና በጀልባ ሊጓዝ ስለሚችል፣ ከየትኛውም አማራጭ ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ዕቃን የመፈተሽ፣ የማጠብና ጨርሶ የማድረቅ ልማድ ነው። ይህ ተመራጭ አማራጭ ተብሎ ከሌሎች ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እሱ ከሌለ የተቀሩት ሁሉ ዋጋ የላቸውም።

ጨርሶ ማጥፋት፦ መርዝ ወይስ ማድረቅ

ማጥፋት የተሳካባቸው ቦታዎች አንድ ዓይነት ገጽታ አላቸው፦ ትንንሽ፣ የተዘጉና በቶሎ የተደረሰባቸው ናቸው። በስኮትላንድ ባላሁሊሽ በሚገኝ የቀድሞ የድንጋይ ካባ ኩሬ ውስጥ ሲግናል ክሬይፊሽ ሲገኝ፣ በ2012 ከአበባ የሚገኘው ፓይሬትረም የተባለ ተፈጥሯዊ መርዝ ተጨመረበት፤ ከዓመታት ክትትል በኋላም ኩሬው ከክሬይፊሽ ነጻ መሆኑ ተገለጸ። በኖርዌይ ዳማኔ በሚባል ቦታ ደግሞ በ2008 ሳይፐርመትሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ዘመዱን በመጠቀም ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል፤ እዚያ ኩሬዎቹ ውሃቸው እንዲቀንስ ከተደረገ በኋላ ነበር መርዙ የተደገመው።

በሁለቱ መርዞች መካከል መምረጥ ካስፈለገ፣ ለደሴት ውሃ የመጀመሪያው ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል። ፓይሬትረም በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ስለሚበታተን ውሃው በአጭር ጊዜ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሊመለስ ይችላል፤ ለወፎችና ለአጥቢዎችም አደጋው አነስተኛ ነው። ሳይፐርመትሪን ግን ጠንከር ያለና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ በጭቃና በዳርቻ ጉድጓዶች ውስጥ የተደበቁትን ለመድረስ ያለው ዕድል የተሻለ ነው። ሁለቱም ግን ክሬይፊሽን ከሌላ ቅርፊታም እንስሳ አይለዩም። ዓሣን፣ ነፍሳትን፣ ሽሪምፕንና ሸርጣንን አብረው ይገድላሉ። ይህ ጉዳይ በደሴት ላይ ከየትኛውም ቦታ በላይ ይከብዳል፤ ለምሳሌ በማልታና በአጎራባች ደሴቷ በጎዞ ጥቂት ጅረቶች ውስጥ ብቻ የሚኖር የራሳቸው የጨው አልባ ውሃ ሸርጣን አለ፤ ወራሪውን ለማጥፋት የሚረጨው መርዝ እሱንም ያገኘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መርዙ ክሬይፊሹን ይገድለዋል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ከዚህ ውሃ ውስጥ ምን አውጥተን ማቆየትና መልሰን ማስገባት እንችላለን?» የሚለው ይሁን። ዓሣውን ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ የማይታወቁ ጥቃቅን አገር በቀል ሽሪምፖች ያሉበትን ምንጭ ግን እንዲህ ማዳን አይቻልም፤ እንዲህ ባለ ቦታ መርዝን ባይመርጡት ይመረጣል።

ማድረቅ ለብዙ ሰው ከመርዝ የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ብቻውን ሲሆን ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም። ቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ ኩሬው በደረቀ ቁጥር ወደ ታች ይቆፍራል፤ የቀሩትም ሌላ ውሃ ፍለጋ በእግራቸው ይወጣሉ፤ ይህም ማለት ያልታሰበበት ማድረቅ ወረራውን ወደ ጎረቤት ኩሬ ሊያስፋፋ ይችላል። ማድረቅ የሚጠቅመው ቀደም ብሎ በዙሪያው ለስላሳ የፕላስቲክ አጥር ከተተከለ፣ በመርዝ ወይም ኩሬውን በአፈር በመሙላት ከታገዘ ብቻ ነው። ሰው የቆፈረው ትንሽ ኩሬ ከሆነ፣ መሙላቱ ቀላልና የማያሻማ መፍትሔ ነው፤ ሰዎች ኩሬያቸውን ስለሚወዱት ብቻ ይህ አማራጭ ከስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ሲነሣ ይታያል።

ወቅቱም ይታሰብበት። መርዝ የሚሠራው እንስሳው ከጉድጓዱ ወጥቶ በሚንቀሳቀስበት በሞቃታማው ወራት ነው። ዕንቁላል ያቀፉ ሴቶች ተደብቀው በሚቆዩበት ጊዜ የተደረገ ርጭት የሚቀጥለውን ትውልድ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። የኩሬውን ዳርቻ ጨምሮ ከውሃው ጠርዝ በላይ ያለውን መሬትም መርጨት ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ በአንድ ኩሬ ውስጥ ሳለ የሚፈጀው ጥቂት ቀን ሥራ፣ ወደ ጅረት ከወረደ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ወጥመድ፣ እንዲሁም ወጥመድ የማያሳየው

በስኮትላንድ በሎክ ኬን ሐይቅ በ2009 በተካሄደ ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ600,000 በላይ ሲግናል ክሬይፊሽ ተወግዷል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ክሬይፊሹ ግን አሁንም ሐይቁ ውስጥ አለ። ምክንያቱን በግልጽ ያሳየው በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሸር በአንድ አነስተኛ ጅረት ላይ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጅረቱን ክፍሎች እያገዱ ውሃውን ደጋግመው በማውጣት ያገኙትን ሁሉ ቆጠሩ፤ በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 110 የሚደርስ ክሬይፊሽ ተገኘ፤ ከእነዚህ ውስጥ በተለመደው ማጥመጃ ሊያዙ የሚችል መጠን የነበራቸው 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወጥመድ የሚያየው ትልልቆቹን ነው፤ ከእነሱም ውስጥ በአመዛኙ ደፋር ወንዶችን።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ትልልቆቹ ክሬይፊሾች ትንንሾቹን የሚበሉ በመሆናቸው፣ እነሱን ብቻ ማስወገድ ለሕፃናቱ የመኖር ዕድል ይሰጣል፤ የተረፉትም በሰፋው ቦታና በበዛው ምግብ ቶሎ ያድጋሉ። ሥራው በየዓመቱ ካልተደገመ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በአግባቡ ያልተሠራ ወጥመድ ኢል የተባለውን ረዥም ዓሣና ሌሎች እንስሳትን ያንቃል፤ በብሪታንያ የማጥመጃዎች የመግቢያ ስፋትና ርዝመት በደንብ የተገደበው በዚህ ምክንያት ነው።

ወጥመድ ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በሦስት ሁኔታዎች ይመረጣል። የመጀመሪያው፣ በጣም አዲስ በሆነና ጥቂት አዋቂዎች ብቻ ባሉበት ወረራ፣ የማጥፋቱ ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ጊዜ ለመግዛት ነው። ሁለተኛው፣ ከማገጃ ግንብ በታች ያለውን ብዛት በማቅለል ወደ ላይ የሚገፋውን ቁጥር ለመቀነስ ነው። ሦስተኛው፣ ከኩሬው ውስጥ አንድ የተለየ ነገር፣ ለምሳሌ የእንቁራሪት መራቢያ ጥግ ወይም የአንድ ተክል ስብስብ፣ በመራቢያው ወቅት ብቻ ለመጠበቅ ነው። በነዚህ ሁኔታዎች እንኳ ማማለያ ምግብ ያለበትን ማጥመጃ ከቱቦ መደበቂያዎች ጋር ማጣመር ይመከራል፤ ዕንቁላል ያቀፉ ሴቶች ለምግብ ባይወጡም መደበቂያ ፈልገው ቱቦው ውስጥ ይገባሉ።

ማገት፦ ዓሣ የሚወጣበት፣ ክሬይፊሽ የሚንሸራተትበት ግንብ

ክሬይፊሽ ድንጋያማ ፏፏቴን እየቧጠጠ ሊወጣ ይችላል፤ ለስላሳና ቀጥ ያለ፣ በአናቱም ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር ያለው ግንብ ግን ያቆመዋል። በአህጉራዊ ወንዞች ላይ ይህን የመሰለ ግንብ የሚያስነሣው ተቃውሞ ተሰዳጅ ዓሦችን ያግዳል የሚል ነው፤ ተቃውሞውም ትክክል ነው። በሞቃታማ ደሴቶች ላይ ግን ሁኔታው ለተከላካዩ ያደላል፤ በጸሐፊው ግምት ከደሴት ሁሉ ልዩ ዕድሎች አንዱ ይህ ነው።

የሞቃታማ ደሴቶች ጅረቶች አገር በቀል ዓሦች በአብዛኛው እጭ ሳሉ ወደ ባሕር ወርደው ካደጉ በኋላ ወደ ላይ የሚመለሱ ናቸው፤ ጎቢ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ብዙዎቹም ሆዳቸው ላይ ባለው የመጣበቂያ ክንፍ በመታገዝ እርጥብ ዐለት ይወጣሉ። በሃዋይ አላሞኦ የሚባለው ዓሣ 135 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከአካካ ፏፏቴ በላይ ይገኛል። ለእንዲህ ዓይነት ዓሣ አንድ ሜትር ተኩል ግንብ እንቅፋት አይሆንም፤ ግንቡ ግን ፊቱ ዘወትር እርጥብ እንዲሆን፣ ከንፈሩም ክሬይፊሹን አግዶ ዓሣውን እንዳይከለክል ሆኖ መሠራት ስላለበት፣ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በዚያው ጅረት ዓሦች መሞከር ይኖርበታል። እንደ ብሪታንያና አየርላንድ ባሉ ቀዝቃዛ ደሴቶች ግን ሳልሞንና ትራውት የሚዘሉ እንጂ የሚወጡ ስላልሆኑ፣ ግንብ የሚመረጠው ተፈጥሯዊ ፏፏቴ ቀድሞውኑ መንገዱን በዘጋበት ቦታ ነው። ለኢል የሚሠራው የብሩሽ መወጣጫም ለክሬይፊሹ መሰላል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

የግንብ ድክመቶች ሦስት ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ ከላይና ከታች ያለው ውሃ ከተስተካከለ ግንቡ የለም ማለት ነው። ክሬይፊሹ በየብስ ዞሮ ሊያልፍ ስለሚችል የግንቡ የጎን ክንፎች በሁለቱም ዳርቻ ወደ መሬቱ ረዘም ብለው ካልገቡ ትርጉም የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግንብ የሚያግደው ወደ ላይ የሚጓዘውን ብቻ ነው፤ ከግንቡ በታች ያለው ክፍል እንደተሸነፈ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ከግንቡ በላይ በባልዲ ቢለቅበትም ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ የመንገድ መዳረሻ የሌላቸው፣ ሰው የማይበዛባቸው ላይኛ ጅረቶች ለግንብ ይመረጣሉ።

አዳኝ ዓሣ፣ ማምከን እና ምግብ

አዳኝ ዓሣ ማስገባት በደሴት ላይ ፈጽሞ አይመከርም፤ ሌላ ወረራ ነውና። ሆኖም ቀድሞ የነበሩ አዳኞችን ማገዝ ሌላ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ደሴቶች የአገሬው ኢል ትንንሽ ክሬይፊሾችን ይበላል፤ ዝርያው ራሱ ለመጥፋት በጽኑ የተቃረበ ስለሆነ ወደ ወንዙ የሚገባበትን መንገድ መክፈት ሁለት ጥቅም አለው፤ ክሬይፊሹን ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ከጃፓን ኩሬዎች የተገኘው ትምህርት ተቃራኒውን ገጽ ያሳያል፦ ባዕዱ ባስ ዓሣ ብቻውን ሲወገድ ቀዩ ክሬይፊሽ ቁጥሩ አሻቅቧል። ሁለት ወራሪዎች ባሉበት ኩሬ አንዱን ብቻ ማስወገድ ከሁለቱም ጋር ከመኖር የባሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ወይ ሁለቱም በአንድ ዕቅድ ይወገዱ፣ ወይ ቅደም ተከተሉ ክሬይፊሹን ያስቀድም።

ወንዶችን በጨረር ወይም በእጅ አምክኖ መልሶ መልቀቅ በጣሊያንና በእንግሊዝ ተሞክሯል። ዘዴው ሌሎች እንስሳትን ስለማይጎዳ ያጓጓል፤ እስካሁን ግን ብቻውን አንድን ውሃ የሚያጸዳ መሣሪያ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

ስለ መብላት ያለው ክርክር ግን ረዘም ያለ ትኩረት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በየስብሰባው የሚነሣና ለጆሮ የሚጥም ሐሳብ ነው። ገበያ ከተፈጠረለት ሰዎች አጥምደው ይጨርሱታል ይባላል። ማዳጋስካር የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ማርብልድ ክሬይፊሽ በዋና ከተማዋ አካባቢ በገበያ መሸጥ ከጀመረ በኋላ በሕይወት እየተጓጓዘ የደሴቲቱን ሰፊ ክፍል አዳርሷል። ዋጋ ያለውን እንስሳ ማንም ሰው በመንደሩ ሩዝ ማሳ ውስጥ ሊያራባው ይፈልጋል። በሌላ በኩል ለብዙ ድሃ ቤተሰቦች ርካሽ ፕሮቲን መሆኑ፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች መብላቱም በተመራማሪዎች የሚታይ ጥቅሙ ነው፤ ይህን ችላ ብሎ የሚወጣ ክልከላ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሚዛኑ እንዲህ ነው፦ ክሬይፊሹ ደሴቲቱን ሙሉ በሙሉ ካልያዘ ገበያ መክፈት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ቀድሞውኑ በየቦታው ካለና ሰው የሚመገበው ከሆነ ደግሞ መብላቱን ከመከልከል ይልቅ በሕይወት ማጓጓዝን መከልከልና እንስሳው በተያዘበት ቦታ ሞቶ እንዲሸጥ ማስገደድ የተሻለ ነው።

የቀረውን ማዳን

አንዳንድ ውሃ አይድንም፤ ይህንን ቀድሞ መቀበል ለአገር በቀሎቹ ጊዜ ይሰጣል። በብሪታንያ ነጭ መቆንጠጫ ያለውን አገር በቀል ክሬይፊሽ ለማትረፍ «የመርከብ ቦታዎች» የሚባሉ መጠለያዎች ተመርጠዋል፤ ስያሜው ከኖኅ መርከብ የተወሰደ ነው። የሚመረጡት ከወንዞች ጋር የማይገናኙ የድንጋይ ካባ ኩሬዎችና ብቸኛ ምንጮች ናቸው። ማዳጋስካር አስታኮይድስ የተባለ የራሷ ወገን የሆኑ ሰባት ዝርያዎች አሏት፤ ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው ከፈጣኑ ወራሪ ጋር ሊፎካከሩ አይችሉም፤ ለእነሱም ከፍ ያሉ የደን ጅረቶች ከመጓጓዣ መንገድ መራቃቸው ዋና ጥበቃቸው ነው።

የመጠለያ ቦታ ሲመረጥ የውሃው ጥራት ብቻ አይበቃም። ቦታው የማይጥለቀለቅ፣ ዓሣ አጥማጅ የማይመላለስበት፣ እንስሳቱ ከመዛወራቸው በፊት ከበሽታው ነጻ መሆናቸው የተመረመረበት መሆን አለበት። ለሁሉም ሰው የሚታወቅና የሚጎበኝ መጠለያ ከቆይታ በኋላ መጠለያነቱን ያጣል፤ ስለዚህ አካባቢውን በካርታ ላይ አለማተም ይመረጣል።

ሕግ ከእነዚህ ጋር እንዴት ይገጥማል

በ2016 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር አምስት ክሬይፊሾችን አካቷል፤ እነሱን ማስገባት፣ ማራባት፣ መሸጥና መልቀቅ ብቻ ሳይሆን መያዝም የተከለከለ ነው። ጃፓን ግን በቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ ላይ በሰኔ 2023 ሌላ መንገድ መረጠች፤ መሸጥና መልቀቅ ተከለከለ፣ በቤት ማቆየት ግን ተፈቀደ። መያዝ ቢከለከል ኖሮ በርካታ የቤት እንስሳ ባለቤቶች በፍርሃት ወደ ወንዝ ይለቁት ነበር ከሚል ስጋት የመነጨ ውሳኔ ነው። ወራሪው ገና ያልገባባት ትንሽ ደሴት የአውሮፓውን ብትመርጥ ትጠቀማለች፤ በቤቶች ውስጥ ብዙ የቤት ክሬይፊሽ ያለባት ደሴት ግን የጃፓኑን ከነጻ የመረከቢያ ቦታዎች ጋር ብትይዝ ይሻላታል።

በተግባር ሲመረጥ

አስተዳዳሪው በመጀመሪያ መልስ ሊያገኝላቸው የሚገቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ውሃው የተዘጋ ነው ወይስ ወደ ሌላ ይፈሳል? ከወራሪው በስተቀር ሌላ የሚጠፋ ቅርፊታም እንስሳ አለበት? ከዚያው ደሴት እንደገና የሚገባበት ምንጭ አለ?

ውሃው የተዘጋ፣ ትንሽና አገር በቀል ቅርፊታም የሌለበት ከሆነ ማጥፋት ይመረጣል፤ በጀቱም ለርጭቱ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚደረገው ክትትል መያዝ አለበት። ወደ ጅረት የሚፈስ ነገር ግን ከላዩ ያልተወረረ ክፍል ያለው ከሆነ ግንብ ይሻላል፤ ግንቡ እስኪያልቅ ደግሞ ወጥመድ ከታች ይሠራል። ደሴቲቱ በሰፊው ከተወረረች ገንዘቡ ገና ንጹሕ በሆኑት ተፋሰሶች መግቢያዎች፣ በጀልባ ማስነሻዎች፣ በገበያዎችና በመጠለያ ቦታዎች ላይ ይውላል፤ የተወረረው ወንዝ ግን ለጊዜው ይተዋል። ይህ የመጨረሻው ምርጫ በሕዝብ ፊት ለማስረዳት ይከብዳል፤ ሰዎች የሚያዩትን ወንዝ ትቶ የማያዩትን መጠበቅ ቸልተኝነት ይመስላልና።

ማጥፋት ከተመረጠ፣ «ጠፍቷል» ለማለት የሚያስችለው ማስረጃ ምን እንደሆነ ርጭቱ ከመደረጉ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ከውሃ ናሙና የሚወሰድ የዘረመል ምርመራ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ቅርፊታም እንስሳት ወደ ውሃው የሚለቁት ዘረመል አነስተኛ ስለሆነ ባዶ ውጤት ብቻውን አያሳምንም፤ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ከሚደረግ ፍለጋ፣ ከቱቦ መደበቂያዎችና ከወጥመድ ጋር መጣመር አለበት። ፍለጋው በየዓመቱ በሞቃታማው ወቅት ቢያንስ ለአምስት ዓመታት ይቀጥላል፤ ዝርያው ማርብልድ ክሬይፊሽ ከሆነም በማንኛውም ዓመት የተገኘች አንዲት ግልገል ቆጠራውን ከመጀመሪያው ዓመት ታስጀምረዋለች።